የዮናስ አጭር ሞላና የእኛ ሽምግልና

ጋራዥ የገባሁበት የመጀመሪያ ቀን ባለቤቱ ጋሽ መኮንን ስሜን ከመጠየቃቸው በፊት ክብደቴን ነው የጠየቁኝ።

“ስንት ኪሎ ነህ?”

“እንጃ፣ ተመዝኜ አላውቅም።”

“እኛ እንመዝንሃለን። እዚህ ላይ ውጣ።”

አንድ ያረጀ የጭነት መኪና የኋላ ፓራውልት ላይ አቆሙኝና “ዝለል” አሉኝ። ዘለልኩ። እሳቸው መሬት ላይ ጋደም ብለው ከሥር ያዳምጣሉ። “ጨምር!” ጨመርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ የትምህርት ማስረጃዬን በፕላስቲክ ጠቅልዬ፣ ነቀምቴ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር መሀል አላፊ አግዳሚው እያየኝ እንደ ፍየል እየዘለልኩ የሥራ ዘመኔ ተጀመረ። በመጨረሻ ተነሥተው አቧራቸውን አራገፉና “የባሌስትራው ጎሚኒ፣ ብረቱ እንዳይጮህ የሚገባው ጎማ፣ አልቋል። አንተን ቀጥረንሃል፣ ግን ምሳ ጨምር” አሉኝ።

በጋራዡ ውስጥ ማዕረግ ነበረ። ከታች ረዳት አለ፤ ክሪክ ያቀርባል፣ ብሎን በናፍጣ ያጥባል፣ ይሰደባል። ከእሱ በላይ መካኒክ አለ፤ ይፈታል፣ ይገጥማል፣ ይሳደባል። ከእሱ በላይ ዋና መካኒክ አለ፤ ኪሱ ውስጥ እጁን ከትቶ ቆሞ ያያል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የጋሽ መኮንን ወገብ ነበረ።

ጋሽ መኮንን በወጣትነታቸው ጭነት ሲያወርዱ ወገባቸውን ተጎድተዋል። ሐኪም ያላዳነውን ወገብ እኛ የጋራዡ መሣሪያ አደረግነው። አንድ መኪና እግሩ፣ ማለትም ሞላና አሞርዛተሩ፣ ተጠግኖ ሲያልቅ እሳቸው ከኋላ ወንበር ይቀመጣሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ እኛ ወደ ዲጋ አቅጣጫ ትንሽ ነድተን እንመለሳለን። ሲወርዱ “የኋላ ግራው ዘይት አፍስሷል፤ የፊት ቀኙ ላይ ያለው ዳዶ አልጠበቀም” ይላሉ። ፈትተን ስናይ ልክ ነው። አንድ ጊዜ እንዲያውም ኪሳቸው ውስጥ ያለው ሳንቲም አንበሳው በኩል ይሁን ዘውዱ በኩል በመቀመጫቸው ነገሩን ብላችሁ ዋሸህ ትሉኛላችሁ። ዋሽቻለሁ። የዳዶው ግን እውነት ነው።

ሙያውን ያስተማሩኝ በሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። “ሞላ ይሸከማል። አሞርዛተር ሞላውን ዝም ያሰኛል።” ሌላው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው። አሞርዛተር ማለት ዘይት የሞላበት ቱቦ ነው፤ ውስጡ ዘንግ ይወጣል ይገባል፣ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ እየተጨናነቀ ሲያልፍ የሞላው ዝላይ ይበርዳል። አሞርዛተር የሌለው መኪና ነቀምቴ ላይ አንድ ጉድጓድ ቢገባ እስከ ጊምቢ እየነጠረ ይሄዳል።

ለብዙ ዓመት የእኛ ሥራ ማስረዘም ነበር። ከሌላ ቦታ ተመድቦ የሚመጣ አስተማሪና የመንግሥት ሠራተኛ የቤት መኪናውን ይዞ ይመጣል። የመጀመሪያው ክረምት ሲገባ ከሥር የተገነጠለ የጭስ ማውጫ ማርሚታውን በእጁ አቅፎ ጋራዥ ይደርሳል። እኛ ከሞላው ላይ ጎማ ጨምረን ከፍ እናደርግለታለን፤ አመስግኖን ይሄዳል። ዝቅ አድርጉልኝ የሚል ሰው አይተን አናውቅም ነበር። ከዚያ ሁሉም ሰው ስልኩ ላይ ቪዲዮ ማየት ጀመረና መሬት የሚልሱ መኪናዎች ፋሽን ሆኑ።

ዮናስ የዚያ ፋሽን የመጀመሪያው ምእመን ነበር። ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ የባንክ ሠራተኛ ነው፤ ጨዋ፣ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ የሚደርስ ልጅ። የዓመት ፈቃዱን አዲስ አበባ አሳልፎ ሲመለስ ነጯን መኪናውን አሳጥሯት መጣ። የጋራዡን ደጃፍ ስትሻገር ማርሚታዋ “ቅርርር” አለ።

“እንኳን ደህና መጣህ” አልኩት። “አስፋልቱን አርሰህ ጨረስክ?”

“ደሬ ደግሞ! ቁመናዋን አታይም?”

“የቱ ቁመና? ተኝታለች እኮ።”

ሳቀ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “አንድ ነገር አለ። ትንሽ ትዘላለች።”

በክሪክ አንሥቼ ካቫሌቶ በምንለው የብረት መቆሚያ ላይ አሳረፍኳት፣ ጎማውን ፈታሁ። ሞላው አዲስ ነው፤ ቀይ፣ አጭር፣ የሚያምር። አሞርዛተሩ የድሮው ነው፤ ላዩ በዘይት ረጥቦ አቧራ ተጋግሮበታል። ዘንጉ ላይ ያለችው መመከቻ ጎማ ውሻ ያኘከው ጫማ መስላለች።

“ሞላውን ቀይረህ አሞርዛተሩን ተውከው?”

“አሞርዛተሩ ደህና ነበር።”

“ለድሮው ሞላ ደህና ነበር።” በእጄ አሳየሁት። “መኪናዋ ቆማ ሳለች ይኼ ዘንግ ግማሹ ወጥቶ፣ ግማሹ ገብቶ መሆን አለበት። ጉድጓድ ሲመጣ ወዲያም ወዲህም የሚሄድበት ቦታ ይኖረዋል። አንተ ሞላውን ስታሳጥር ዘንጉ ከወዲሁ ገብቶ ቁጭ አለ። ጉብታ ሲመጣ የሚሸሽበት ስለሌለው ከዚህች ጎማ ጋር ይላተማል። ሞላው ደግሞ ጠንካራ ነው፤ ሲጨመቅ በኃይል ይመለሳል። የድሮው አሞርዛተር ያንን ኃይል የሚይዝበት አቅም የለውም። ስለዚህ መጀመሪያ ትማታለች፣ ቀጥላ ትዘላለች።”

ጋሽ መኮንን እንደ ልማዳቸው ከኋላ ተቀምጠው አንድ ዙር ሄድን። ሲመለሱ ለመውረድ በሩን ይዘው ቆዩ።

“ወገቤ ምን እንደሚል አላውቅም” አሉ። “አራቱም በአንድ ጊዜ ይጮሁበታል።”

መፍትሔው ቀላል ነበር። አንዱ፣ የድሮውን ሞላ መመለስ። “የድሮው የታለ?” ስለው እዚያው ለሠራለት ሰው እንደተወለት ነገረኝ። ሁለተኛው፣ ከአጭር ሞላ ጋር እንዲሄድ የተሠራ አሞርዛተር ማስመጣት። እሱ ደግሞ አዲስ አበባ ነው ያለው፤ በዚያ ሰሞን መንገዱ ተዘግቶ አውቶቡስ አልገባም። “መንገድ ሲከፈት ይመጣል” አልኩት።

ፊቱ ተለወጠ። “እኔ እኮ ለእሑድ ነው የምፈልጋት።”

ነገሩ ያኔ ወጣ። ዲጋ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ጫልቱ የምትባል ነርስ አለች፤ ዮናስ ሊያገባት ይፈልጋል። እሑድ ለአባቷ ሽማግሌ ይልካል። እዚህ አገር ዘመድ የለውም። ስለዚህ የሽማግሌዎቹ መሪ ጋሽ መኮንን እንዲሆኑለት ሊለምን ነው የመጣው። ኦሮምኛውን ከአገሬው እኩል ይችላሉ፣ የልጅቷንም አባት ያውቃሉ። ሁለተኛው አከራዩ ኦቦ ተሰማ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ ከተማው ውስጥ ከቆሙት የውኃ ታንከሮች አንዱን የሚያህሉ ሰው።

“ሦስተኛውስ?” አሉ ጋሽ መኮንን።

“ደሬ። የሚነዳውም እሱ ነው።”

“በምን ነው የምነዳው?”

“በእሷ ነዋ!” መኪናዋን አሳየኝ። “አባትየው መኪና እንዳለኝ ሰምተዋል። ይዩዋት።”

በጋራዡ ፒክአፕ እንሂድ አልኩት። “በሩ በገመድ በታሰረ ፒክአፕ ሽማግሌ ይላካል?” አለኝ። እውነቱን ነው፣ በገመድ ነው የታሰረው። ጋሽ መኮንን አንድ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ትንሽ አሰቡና “ልጁ ዘመድ የለውም። እንሄዳለን” አሉ። ወገባቸውን በምን አቅም እንደሚያደርሱት አላሰቡም።

እሑድ ጋሽ መኮንንና ኦቦ ተሰማ ከኋላ ተቀመጡ። ኦቦ ተሰማ ሲገቡ የመኪናዋ አፍንጫ ወደ ሰማይ ተነሣ፤ እኔ ከፊት ሆኜ መንገድ ሳይሆን ደመና ነበር የማየው። ገና ከከተማው ሳንወጣ የመጀመሪያው ጉብታ ላይ “ድው!” አለ።

“ያ ዋቃ! አምላኬ!” አሉ ኦቦ ተሰማ። “ደረጄ፣ ምን ገጨህ?”

“ምንም። ጉብታ ነው።”

“በላዩ ነው የሄድከው ወይስ በውስጡ?”

ጋሽ መኮንን ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ግን እንደ ሌላው ጊዜ ለመስማት አይደለም፣ ላለመስማት ነው። ቀስ ብዬ ብነዳም ለውጥ አልነበረውም። አሞርዛተሩ በሁለት ሰው ክብደት መጨረሻው ድረስ ገብቶ ተቀምጧል፤ ከዚያ በኋላ የመኪናው ሞላ የሽማግሌዎቹ የጀርባ አጥንት ነው። ከአስፋልቱ ወጥተን ቀዩ አፈር መንገድ ስንገባ ደግሞ ሆዷ መንገዱ መሀል ላይ ያለውን የአፈር ክምር እያረሰ ይሄድ ጀመር።

“አባኮ፣ አባቴ” አሉኝ ኦቦ ተሰማ በለሆሳስ፣ “እኔ የደረስኩ ይመስለኛል። እዚህ አውርደኝና ሬሳዬን ስትመለሱ ውሰዱት።”

እዚህ ላይ የሽምግልናውን ሥርዓት ለማያውቅ ላስታውስ። ለጋብቻ የተላከ ሽማግሌ ቤት ሲደርስ ተቀመጡ ይባላል፤ አይቀመጥም። “ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም” ብሎ ቆሞ ይናገራል። ክብደቱ ያለው መቆሙ ላይ ነው። ቀድሞ ከተቀመጠ ግን እንግዳ ነው፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይሄዳል።

ደረስን። የጫልቱ አባት ኦቦ ፈቃዱ ደጃፍ ላይ ቆመዋል፤ ቀጭን፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸው። እኔ ወረድኩ። ኦቦ ተሰማን በሁለት እጄ ጎተትኩ፤ ቡሽ ከጠርሙስ እንደሚወጣ ወጡ። ጋሽ መኮንን ወረዱ፣ ግን ቀጥ አላሉም፤ እንደ ክሪክ እጀታ ታጥፈው ቀሩ።

“በጋ ነጋን ዱፍተን! እንኳን ደህና መጣችሁ!” አሉ ኦቦ ፈቃዱ። “ታኣ፣ ታኣ፣ ተቀመጡ!”

“ኦቦ ፈቃዱ” አሉ ጋሽ መኮንን መሬት መሬት እያዩ፣ “እኛ እንኳ የምንቀመጥ…”

ከኋላቸው አግዳሚ ወንበሩ ጮኸ። ኦቦ ተሰማ ተቀምጠዋል።

ጋሽ መኮንን ዞረው አዩአቸው። ተመልሰው “ጉዳያችንን ሳንናገር…” ሲሉ እጃቸው ግድግዳ ፈለገ፣ ግድግዳው ሩቅ ነበር፣ ወንበሩ ቅርብ ነበር። ተቀመጡ። ከጓዳ የሴቶች ሳቅ ሰማሁ። ብቻዬን ቆሜ ቀረሁ። በዕድሜ ታናሽ እኔ፣ የመናገር መብት የሌለኝም እኔ። እንደ ስልክ እንጨት መገተሩ ምን ይሠራል ብዬ እኔም ተቀመጥኩ።

ምግብ ቀረበ። ጋሽ መኮንን አልነካም ብለው በተቀመጡበት የመጡበትን ጉዳይ ተናገሩ፤ ዮናስ ማን እንደሆነ፣ ሥራውን፣ ጠባዩን። ኦቦ ፈቃዱ እስከ መጨረሻው አዳመጧቸው።

“ሰማሁ” አሉ። “ግን ሽማግሌ ሲመጣ አላየሁም። እንግዶች መጡ፣ ተቀመጡ፣ ደህና ወሬ አወሩ። ሽማግሌ የመጣ ዕለት እንነጋገራለን።”

ሸኙን። መኪናዋ ጋ ስንደርስ ኮፋኖዋን በሁለት መዳፋቸው ተጭነው ለቀቁ። ወጣች፣ ወረደች፣ ወጣች፣ ወረደች። ኦቦ ፈቃዱ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው እስክትቆም ጠበቁ። “እኔ ምንም ሳልጠይቃት እሺ፣ እሺ ትላለች” አሉ። “ልጄን የሚወስዳት በዚህች ነው?”

ስንመለስ ጋሽ መኮንን ከፊት ተቀመጡ። ኦቦ ተሰማ ከኋላ በጎናቸው ተኙ።

በሳምንቱ ጫልቱ ራሷ ጋራዥ መጣች። ዮናስም ነበረ። ከነርስ ልብሷ ላይ ጃኬት ደርባለች፤ ሰላምታዋ አጭር ነው።

“አካም ጂርቱ። ደረጄ የሚባለው አንተ ነህ? ይቺ መኪና ትስተካከላለች ወይስ አትስተካከልም?”

“ትስተካከላለች። ዕቃው መንገድ ላይ ነው።”

“ሰፈሩ እየሳቀብኝ ነው። ‘የተቀማጮቹ ሙሽራ’ ይሉኛል። ለአባቴም በሚቀጥለው ወር ሌላ ሽማግሌ ሊመጣ ነው። እነሱ በእግራቸው ነው የሚመጡት፣ ጎረቤት ናቸው፤ ቆመው እንደሚናገሩ እርግጠኛ ነኝ።” ወደ ዮናስ ዞረች። “እኔ መኪናህን አይቼ አይደለም የወደድኩህ። እንዲያውም ስለ አንተ ብዬ ነው እሷን የታገስኩት።”

ዮናስ ያን ቀን ሽቶ አልተቀባም ነበር፤ ወይም ሽቶውም ፈርቶ ተደብቋል።

መንገድ ተከፈተ፣ አሞርዛተሮቹ መጡ። ዘንጋቸው አጠር ያለ፣ ጠንከር ያሉ፣ ለአጭር ሞላ የተሠሩ። ሞላውን በመጭመቂያ ብሎን ግራና ቀኝ እኩል እያጠበቅሁ ጨመቅሁት። እኩል ካልሆነ ሞላ ይፈናጠራል፤ ሲፈናጠር ደግሞ ሰው አይመርጥም። አሮጌውን አወጣሁ፣ አዲሱን ከአዲስ መመከቻ ጎማ ጋር ገጠምኩ፣ የላይኛውን ዳዶ ጎማው መሬት ነክቶ ክብደት ሲያርፍበት አጠበቅሁ። አራቱንም እንዲሁ። ከዚያ ጋሽ መኮንንን ከኋላ አስቀምጬ ወደ ዲጋ ነዳሁ።

“አሁን ትቆነጥጣለች እንጂ አትማታም” አሉ ሲወርዱ። “ዝላዩ ጠፍቷል። ግን ደሬ፣ ሆዷ እዚያው ነው ያለው።”

እውነት ነው። አዲሱ አሞርዛተር ሞላውን ያዘው እንጂ መኪናዋን አንድ ጣት እንኳ አላነሣትም። ይህን ለዮናስ ነገርኩት። “እሑድ ግን ሽማግሌዎቹን ታደርሳለች?” አለኝ። “እስከ አስፋልቱ መጨረሻ” አልኩት።

እሑድ ሄድን። ጉብታዎቹን አንድ በአንድ አለፍናቸው፤ ጠንከር ይላል፣ ግን ወርዳ ወዲያው ታርፋለች። ኦቦ ተሰማ እንዲያውም ትንሽ አንኮራፉ። ቀዩ አፈር መንገድ መግቢያ ላይ አቆምኩ። ሌሊቱን ዘንቦ የጭነት መኪና ጎማ መንገዱን አርሶታል፤ መሀል ላይ የቀረው ክምር ከመኪናዋ ሆድ በላይ ነው። ለዮናስ ብዬ ብሞክር እዚያው ነው የምንቀረው።

“ውረዱ” አልኩ።

“ደግሞ ምን ሆነ?” አሉ ኦቦ ተሰማ።

“ምንም አልሆነም። እንዳይሆን ነው።”

ጃንጥላ ይዘን በእግር ተያያዝነው። ጭቃው ጫማ ይውጣል፤ የኦቦ ተሰማን አንዱን ጫማ ሁለት ጊዜ ቆፍሬ አውጥቻለሁ። ጋሽ መኮንን ግን መራመዱ ወገባቸውን አፍታታላቸው፤ እየቆዩ ቀጥ እያሉ፣ መጨረሻ ላይ እኛን እየመሩ ሄዱ። ቤቱ ከፍታ ላይ ስለሆነ ኦቦ ፈቃዱ ከሩቅ እያዩን ነበር። ሦስት ሰዎች፣ ሦስት ጃንጥላ፣ እስከ ጉልበት ጭቃ።

“በጋ ነጋን ዱፍተን። ታኣ።”

“አንቀመጥም” አሉ ጋሽ መኮንን። ኦቦ ተሰማ አግዳሚውን አንድ ጊዜ በናፍቆት አይተው ዓይናቸውን መለሱ። “ጉዳይ ይዘን መጥተናል። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።”

ተናገሩ። ካፊያው በላያችን ይወርዳል፣ ኦቦ ፈቃዱ ያዳምጣሉ። ንግግሩ ካለቀ በኋላም ተቀመጡ ሳይሉ አቆሙን። ያለፈውን ዕዳ እያስከፈሉን እንደሆነ ገባኝ። በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

“መኪናው የታለ?”

“አስፋልት ዳር ትተነው መጣን” አሉ ጋሽ መኮንን።

“ለምን?”

“ይህን መንገድ አይችለውም። ልጁም ያውቃል።”

ኦቦ ፈቃዱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ ውስጥ ገብተው ከሚስታቸውና ከጫልቱ ጋር ተነጋገሩ፤ ሲወጡ ፊታቸው ፈታ ብሏል። “ተቀመጡ። ልጄም ፈቅዳለች፣ እኔም ሰጥቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ፤ ኢንተላኮ፣ ልጄ፣ ለሠርጓ ጭቃ አትረግጥም። መኪናው እዚህ ደጃፍ ድረስ ይግባ።”

ዮናስ ይህን ሲሰማ አልተከራከረም። መደበኛ ርዝመት ያለው ሞላ ፈልገን አገኘን። ያን ጊዜ “አሞርዛተሩስ አዲስ ነው፣ ይቆይ” አለኝ። እንደማይሆን አሳየሁት፤ ሞላው ሲረዝም አጭሩ ዘንግ ከመጀመሪያው ተንጠራርቶ ይቀራል፣ ጉድጓድ ሲገባ የሚወርድበት የለውም፣ ተስቦ ይበጠሳል። ያኛው በመታፈን እንደሞተ ይኼኛው በመለጠጥ ይሞታል። አራቱንም እንደገና ቀየርን። የሠርጉ ዕለት መኪናዋ ያንን ክምር ሳትነካው አልፋ ደጃፍ ደረሰች።

ለሙያ ጓደኞቼ የምለው ይኼን ነው። ሞላና አሞርዛተር አብረው ይመረጣሉ፣ አብረው ይቀየራሉ። አጭር ሞላ አጭር አሞርዛተር ይፈልጋል፤ ያ ተሟልቶም ቢሆን መኪናው ይጠነክራል እንጂ አይለሰልስም፣ ከመሬትም አይርቅም። ደንበኛ ዝቅ አድርጉልኝ ብሎ ሲመጣ መፍቻ ከማንሣታችሁ በፊት መኪናው የማን ደጃፍ ድረስ መግባት እንዳለበት ጠይቁት።